እማዬ ጴንጤ፣ ዘመዱ ሁሉ ኦርቶዶክስ፦ ቀብሩን እንዴት እናድርገው?

ጥያቄ፦ የሽሮ ሜዳዋ

ወገኖች ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ፣ ፊደል ብሳሳት አትፍረዱብኝ፣ ከትናንት ጀምሮ አልተኛሁም። እማዬ ዛሬ ሊነጋ ሲል አረፈች። አስከሬኗ ሆስፒታል ነው።

እማዬ ከሃያ ዓመት በላይ መካነ ኢየሱስ ናት። አባዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ የነፍስ አባትም አለው። በዚህ ተጣልተው አያውቁም፣ እሱ ሲጾም የጾሙን የምትሠራለት እሷ ነበረች። አሁን ግን አጎቶቼ ከመንዝ እየመጡ ነው። ትልቁ በስልክ «አጥንቷ ከእናቷ አጥንት አይለይም፣ አገሯ ገብታ በወጉ ተፈትታ ነው የምትቀበረው» ብለው ዘጉብኝ። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ደግሞ ፕሮግራም እያወጡ ነው፣ ኳየር ሁሉ ተጠርቷል። አባዬ መሀል ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሰማል፣ አንድ ጊዜ ብቻ «አርባዋን ግን አወጣላታለሁ» አለ።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው፣ ገና አልተረዳም። እስኪመጣ እናቆያት ወይስ እንቅበር? የእህቴ ባል ደግሞ ካቶሊክ ነው፣ የእምድብር ልጅ፣ «እኔ የቱ ጋ ነው የምቆመው?» ሲለኝ በዚህ መሀል ሳቄ መጣ። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። ብዙ ዓመት የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ በእድራችን ኦርቶዶክስም ጴንጤም ሙስሊምም አለ፣ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም።

መጀመሪያ የቀብሩን ቦታ ዛሬውኑ ቁረጡ። ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ድንኳን ውስጥ የተነሣ ክርክር አያልቅም። አጎትሽ ከመኪና ሳይወርዱ፣ አባትሽ ናቸው መናገር ያለባቸው። አንቺ ብትናገሪ «ልጅ አዞን» ይባላል። ባል «ሚስቴ በኖረችበት ትቀበር» ካለ ግን ሽማግሌም ይቀበላል። እናትሽ በሕይወት ሳለች ስለ ቀብሯ የተናገረችው ካለ፣ የሰማ ሰው ይመስክር። የሟች ቃል ይከበራል፣ በእኛ አገር ከወረቀት በላይ ነው።

ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያኗ የሚጠቀምበትን መካነ መቃብር ጠይቂ። እናንተ ሰፈር ላለ ሰው ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ አካባቢ ያለው የወንጌላውያን መቃብር ቅርብ ነው። ደብዳቤውን የምትጽፈው አጥቢያዋ ናት። ከሆስፒታል የሞት ማስረጃውን ሳትይዙ እንዳትወጡ። በኋላ ወረዳ ሄዳችሁ ሞቱን ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ጊዜው 30 ቀን ነው። ሰው በሐዘን ይረሳዋል፣ ከዚያ ውርስና ባንክ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል።

ሦስተኛው እድሩ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡ ሃይማኖት አይለይም። ዳኛው ጋ ሰው ላኩ፣ ጡሩምባ ይነፋ።

እንግዲህ የለቅሶው ነገር። ከመንዝ የሚመጡት ሴቶች ሙሾ ያወርዳሉ፣ ደረት ይመታሉ። የኳየሩ ልጆች ደግሞ ኪቦርድ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ሁለቱ እኩል ጀምረው ሰው መግቢያ አጥቶ ደጅ ቆሞ አይቻለሁ። መፍትሔው ማይኩን ለአንድ ሰው መስጠት ነው፣ ለዘመድ ሳይሆን ለእድሩ ሰው። አልቃሾቹ ሬሳው ከቤት እስኪወጣ ያልቅሱ፣ ከዚያ በኋላ ዝማሬው ይቀጥል። ማታ ማታ ስብከት ካለ ሰዓቱ ይነገር፣ የማይፈልግ ያን ጊዜ ውጭ ይቀመጥ። ማንም አይቀየምም፣ ካርታውም ውጭ ነው ያለው።

ምግቡን የጾም አድርጉት። ክክ፣ ምስር፣ ንፍሮ። የጾም ምግብ ሁሉም ይበላዋል፣ ጣጣ የለውም።

መልስ፦ ዲያቆኑ

እህቴ፣ ያጽናሽ። ገጠር ደብር አገልግያለሁ፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አጎትሽ ያሉት አይሆንም። አንቺ ስለከለከልሽ አይደለም፣ ደብሩ ራሱ አይቀበላቸውም። ሬሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የነፍስ አባቷ ማን ናቸው ነው። እሳቸው መጥተው «ልጄ ናት» ካላሉ፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነትም ከሌለ፣ ፍትሐት የለም። ሕፃን ሆና ተጠምቃ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሃያ ዓመት ሌላ ቦታ የቆረበች ሰው ናት።

ፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ለልጇ የምትጸልየው የስርየት ጸሎት ነው። አስከሬኑ እየተሸኘ መንገድ ላይ ሰባት ቦታ ይታረፋል፣ በየምዕራፉ ከመጽሐፈ ግንዘት ይነበባል፣ ይታጠናል። የማታምንበት ሰው ላይ ማድረግ እሷንም ጸሎቱንም አለማክበር ነው። ለአጎትሽ ጥላቻ እንዳይመስላቸው ይሄን ንገሪያቸው፦ በሰሙነ ሕማማት ለኦርቶዶክሱም ቢሆን አይፈታም። ለዚህ ነው ሆሣዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ አስቀድሞ ግንዘት የሚነበበው። አገር ቤት ያሉ ሽማግሌ ይሄን ያውቁታል፣ ፍትሐት እንደ ልብ የሚታዘዝ ነገር አለመሆኑ ይገባቸዋል።

እስከ መንዝ ድረስ ወስዳችሁ በር ላይ ብትመለሱ ምን ዓይነት ውርደት እንደሚሆን አስቢው። አይቻለሁ። ሬሳ ተሸክሞ መንገድ ላይ መቆም አይጣል ነው።

አባትሽ ስላሉት አርባ። የእኛ የመታሰቢያ ቀኖች ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ናቸው። ሠልስቱ የጌታ ትንሣኤ ነው፣ ሰባቱ ዮሴፍ ለአባቱ ያለቀሰው፣ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱለት። ተዝካር ማለት ግን ጸሎቱና ቅዳሴው ነው፣ ጠላና ወጡ ተከትሎ የመጣ ነው። ጸሎቱ ከሌለ ድግስ ብቻ ይቀራል። አባትሽ በአርባዋ ቀን ነዳያን ቢያበሉ ግን ማንም አይከለክላቸውም። ስሙን ተዝካር አትበሉት፣ የእናቴ ዝክር በሉት፣ ምጽዋት በሉት።

መልስ፦ አንድ አማኝ

ለሞተ ሰው ጸሎት የለም። ዕብራውያን 9፥27። ዝክርም ምጽዋትም ብትሉት ያው ነው፣ አትደባልቁ።

መልስ፦ የቄስ ልጅ

ወንድሜ፣ አሁን የክርክር ሰዓት ነው? ሰውዬው ሚስታቸው ሞታ ድሀ ላብላ ነው ያሉት።

እህቴ፣ እኔም መካነ ኢየሱስ ነኝ፣ አባቴ ቄስ ነው። (አዎ፣ የእኛም ቄስ ነው የሚባለው፣ ይሄን ለአጎቶችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ለአንዳንድ ሽማግሌ ቃሉ ብቻ ልብ ያሳርፋል።) የእኛ ቀብር ብዙ ነገር የለውም። መዝሙር፣ የሕይወት ታሪክ፣ ስብከት፣ መቃብሩ ላይ «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ» ተብሎ አፈር ይበተናል፣ የትንሣኤ ቃል ይነበባል፣ አለቀ። የምንጸልየው ለቀሩት ነው።

ሁለት ነገር ልምከርሽ። የሕይወት ታሪኳን አንቺ ጻፊው፣ ለኮሚቴ አትስጪ። መንዝ መወለዷን፣ እናትና አባቷን፣ ወንድሞቿን በስማቸው ጥሪ። ብዙ ጊዜ የእኛ ሰዎች «ጌታን ከተቀበለች በኋላ» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ከዚያ በፊት ሰው ያልነበረች ይመስል። ዘመድ የሚከፋው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ ሰባኪውን ቀድመሽ አናግሪው። ለቅሶ ላይ የመጣን ኦርቶዶክስ «ንስሐ ግባ» እያለ የሚጮኽ አለ፣ እኔ አፍሬ አውቃለሁ። እናትሽን ይሸኝ፣ ሌላውን ሌላ ቀን።

ጥቁር መልበስ ግዴታ የለም፣ ክልክልም አይደለም። አክስቶችሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቢመጡ ማንም አይናገራቸውም። «ነፍስ ይማር» የሚላችሁን ደግሞ አታርሙት። አሜን ባትሉ እንኳ «እግዚአብሔር ይስጥልን» በሉ።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔም ሜሪላንድ ነኝ፣ ስለ ወንድምሽ ብቻ ነው የምጽፈው። እባክሽ ፌስቡክ ላይ የእማዬን ፎቶ ማንም እንዳይለጥፍ አሁኑኑ ተናገሪ!!! እኔ የአባቴን ሞት ያወቅሁት ሥራ ቦታ፣ የአጎቴ ልጅ የለጠፈውን ሻማ አይቼ ነው። እዚህ የሚያውቀው ሰው አለ? የቤተ ክርስቲያን፣ የሰፈር ልጅ፣ ማንም። ስልኩን ስጪያቸውና ጠዋት ማለዳ፣ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ሦስት አራት ሆነው ሄደው ያርዱት። ብቻውን መኪና እየነዳ እንዳይሰማ።

ቀብሩን ልቆይ ብሎ ይጠይቃል። ፓስፖርቱ ካልታደሰ፣ ትኬት ካላገኘ፣ ሁለት ቀን ያልሽው አምስት ይሆናል። እዚህ አስከሬን ሳምንት ቢቆይ ማንም አይደንቀውም፣ እዚያ ግን አባትሽ ናቸው የሚጎዱት። በእርግጥ ነገ የሚሳፈር ከሆነ ጠብቁት። ካልሆነ ቅበሩና በስልክ ያሳዩት፣ ሲመጣ እንደገና ይለቀሳል። እኔ በአሥረኛው ቀን ነው የደረስኩት፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ እንደ አዲስ አለቀሰልኝ፣ ያ ነው ያዳነኝ።

መልስ፦ የጉራጌ ልጅ

አማቹ የት እንደሚቆም ለጠየቀው 😄 ፊት ነው የሚቆመው፣ ሬሳ ከሚሸከሙት ጋር! እኔም ካቶሊክ ነኝ፣ የእነ እምድብር አካባቢ። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ስለሆንን ፍትሐታችንም አርባችንም ከኦርቶዶክሱ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ዕጣኑም ዜማውም አለ። የወላይታ ካቶሊኮች ግን የላቲን ናቸው፣ የእነሱ ለየት ይላል። በጴንጤ ቀብር ላይ ቆሞ መሸኘት፣ መዝሙር መስማት፣ ምንም የሚከለክለው የለም። ከፈለገ በራሱ ቤተ ክርስቲያን በግሉ ቅዳሴ ያሳርግላት፣ ለቤተሰቡ መንገርም የለበትም። የእኔ አማት ሙሉ ወንጌል ነበሩ፣ እንዲሁ አድርጌያለሁ።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

@የጉራጌ ልጅ፣ ከርዕስ ልውጣና፣ እናንተ ሬሳ ማቃጠል ይፈቀዳል የሚባለው እውነት ነው? እዚህ አንዱ የቀብር አስፈጻሚ ለጓደኛችን «ርካሽ ነው» ብሎ ሲያቀርብለት ሽማግሌዎቹ ሊደበድቡት ነበር።

መልስ፦ የጉራጌ ልጅ

ከ1963 ጀምሮ ካቶሊክ አይከለክልም፣ ግን መቅበሩ ነው የሚመረጠው። አመዱን መበተንም ቤት ማስቀመጥም አይቻልም፣ በ2016 ሮም በግልጽ ጽፋለች፣ የተቀደሰ ቦታ መቀመጥ አለበት። (ሁለቱም በፈረንጅ ነው።) እኛ አገር ግን እንኳን ማቃጠል፣ ቃሉን ብታነሣ ከእድር ያስወጡሃል።

የጠያቂዋ መልስ፦ የሽሮ ሜዳዋ

ሁላችሁም ተባረኩ። ዛሬ ነው ትንሽ ቀና ያልኩት፣ የሆነውን ልጻፍ።

አባዬ ተናገረ። አጎቶቼ ገና ሲገቡ ተነሥቶ «ሃያ ዓመት እሑድ እሑድ እኔ ነኝ በር ድረስ የሸኘኋት፣ ዛሬም እዚያው እሸኛታለሁ» አለ። ትልቁ አጎቴ ምንም አልመለሱም። ሐሙስ 9 ሰዓት ተቀበረች። አጎቴ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባም ብለው መዝሙሩ እስኪያልቅ ውጭ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆሙ። የሕይወት ታሪኳን ሳነብ ግን በድምፅ ማጉያው ይሰማቸው ነበር፣ ስማቸውን ስጠራ እንዳለቀሱ የእህቴ ባል ነገረኝ፣ እሱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብሎ አብሯቸው ቆሞ ነበር። መቃብሩ ላይ አካፋውን ከወጣቶቹ ተቀብለው አፈሩን ያለበሷት እሳቸው ናቸው።

ወንድሜን ማለዳ ሄደው አረዱት። ትኬት ያገኘው ለሰኞ ነው፣ አልጠበቅነውም። በስልክ አየ።

ለአርባዋ አባዬ ሰፈር ያሉ ችግረኞችን ያበላል። የነፍስ አባቱን ጠይቆ «አብላ» ብለውታል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ ለእድር ጸሐፊው ጋሼ። ዛሬ ዕቃ ስንመልስ ሁለት ጭልፋና አንድ የድስት ክዳን ጎደለ። ያስከፍላሉ እንዴ?

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ

ያስከፍላሉ ልጄ። መጀመሪያ ጎረቤት ቤት ፈልጉ፣ ክዳን ሁልጊዜ ጎረቤት ቤት ነው የሚገኘው።