ዘፈኖቼን በነጻ ብለቃቸው መብቴ ይጠፋል?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ። ቤት ውስጥ የቀረጽኳቸው ስድስት ዘፈኖች አሉኝ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ቅልቅል። አሳታሚም ስፖንሰርም የለኝም። ጓደኞቼ "በቴሌግራም በነጻ ልቀቀው፣ ሰው ይስማህ" ይሉኛል። ሚክስ ያደረገልኝ ልጅ ደግሞ በነጻ ከሰጠህ መብትህ አለቀለት፣ ማንም ወስዶ ቢሸጠው ምንም አትልም አለኝ። እውነት ነው? ደግሞስ መደገፍ የሚፈልግ ሰው በምን በኩል ይደግፈኛል? ለቀጣዩ ሥራ የስቱዲዮ ብር ያስፈልገኛል።

ከዚራ፦
አቦ እንኳን ደስ አለህ! መብትህ አይጠፋም። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ሥራው የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና ከተቀረጸ ይጠብቅሃል፣ ማስመዝገብ እንኳን ግዴታ አይደለም። ችግሩ ምንም ሳትጽፍ ስትለቀው ነው፤ ሰሚው ምን እንደተፈቀደለት አያውቅም።

ለዚህ ክሬቲቭ ኮመንስ የሚባሉ ፈቃዶች አሉ፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራባቸው። በነጻ ነው የምትጠቀመው። ላንተ የሚሆነው "ስም ጥቀስ፣ ለንግድ አታውል" የሚለው ይመስለኛል። ሰው ያወርዳል፣ ለጓደኛው ይልካል፣ ግን ስምህን መጥቀስ አለበት፣ መሸጥም አይችልም። አንተ ግን ትችላለህ፤ ለማስታወቂያ የሚፈልገው ድርጅት ከመጣ ለብቻው ታስከፍለዋለህ። አንድ ነገር ብቻ በደንብ አስብበት፦ ፈቃዱ አይሻርም። ሐሳብህን ብትቀይር ከገጽህ ታነሳዋለህ እንጂ ቀድሞ ያወረደውን ሰው መከልከል አትችልም።

ጁገል ሳውንድ፦
ከሐረር። ከዚራ ያለው ልክ ነው፣ ግን ከሁሉ በፊት ቢቱ (ከድምፅህ ሥር ያለው ሙዚቃ) የማን ነው? ከዩቲዩብ ያወረድከው ከሆነ የሌለህን መብት ለሰው ልትሰጥ አትችልም። የተከራየኸው ከሆነም ውሉን አንብብ፣ ያንኑ ቢት ሌሎችም ይዘፍኑበታል። ግጥም የሰጠህ ወይም ጊታር የመታልህ ሰው ካለ አሁኑኑ በአንድ ወረቀት ተስማሙና ፈርሙ። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ለመስማማት በጣም ከባድ ነው፣ በዚህ ምክንያት የተኳረፉ ልጆች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

ባጃጅ 07፦
ወንድሜ እኔ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው የምሠራው። ሙዚቃ ቤት ፍላሽ ላይ የሚጭኑልን ዘፈን ግማሹ "ትራክ 05" ነው የሚለው፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። ብወደውም ለማን ልክፈል? ስለዚህ የፋይሉን ስም በራስህ ስም አድርገው።

ከዚራ፦
ባጃጅ ትልቅ ነገር አነሳ። ኤምፒ3 ፋይል ውስጥ ስም፣ ዓመትና ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ፈቃዱንና የቴሌብር ቁጥርህን እዚያ ጻፍ፣ የቤተሰብ ስልክ ሳይሆን ለዚሁ ሌላ ሲም አውጣ። ዋናውን የዌቭ ፋይል (ያልተጨመቀውን ቅጂ) ግን በሁለት ቦታ አስቀምጥ፣ ለማንም አትስጥ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የኦንላይን ማከማቻ ላይም ጫነው፤ ነጻ ነው፣ ፈቃዱንም እዚያው ትመርጣለህ፣ መቼ እንደለቀቅከውም ይታያል።

ዲያስፖራ ድሬ፦
ውጭ ላለነው ባንድካምፕ ላይ ገጽ ክፈት፣ ሙዚቀኛ ሥራውን ለሰሚው በቀጥታ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ነው። ዋጋውን "የፈለግከውን ክፈል" አድርገህ ከዜሮ ማስጀመር ይቻላል። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይቆርጣሉ። ክፍያው በፔይፓል (በኢንተርኔት የገንዘብ መላኪያ) ስለሚወጣ፣ ተቀብሎ የሚልክልህ ውጭ ያለ የምታምነው ዘመድ ጋር ተነጋገር።

ናይን ኢንች ኔይልስ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ በ2008 እ.ኤ.አ. 36 ሙዚቃ ያለው አልበም በክሬቲቭ ኮመንስ ለቀቀ። 9ኙን በነጻ፣ ሙሉውን በ5 ዶላር። 2,500 ልዩ ቅጂ ደግሞ በ300 ዶላር አቀረበ፣ ሁሉም ተሸጠ። ቀድሞ ታዋቂ ስለነበረ ላንተ እንደዚያ ይሆናል አልልህም። ግን ሰው በነጻ ማግኘት እየቻለም ይከፍላል፣ ምክንያት ስጠው፦ ግጥሙን በእጅህ ጽፈህ ፈርምበት፣ ወይም የከፈለን ሰው ስም በሚቀጥለው ሥራ ላይ ጥቀስ።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ሰፊ መልስ ነው። ቢቱን ራሴ ነኝ የሠራሁት። አንዱ ላይ ግን ሰርግ ላይ የሚዘፈን የድሮ ዜማ ገብቷል፣ ባለቤቱን ማንም አያውቅም።

ጁገል ሳውንድ፦
እሱ ላይ "ዜማ፦ የሕዝብ፣ ቅንብር፦ የእኔ" ብለህ ጻፍ፣ ዜማውን በስምህ አታድርገው። ግን መጀመሪያ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቅ፣ የድሮ የሚባለው ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። እስኪጣራ አምስቱን ልቀቅ፣ ሊንኩን እዚህ አድርግልን።