ዋንደርስቶፕ ላይ የተከልኩት ሁሉ ጠፋ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ

ሂሳብ ያዥ (ጠያቂ)
በናታችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ አራት ኪሎ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ያለ ቻርጀር አይሠራም። እዚያው ድርግም አለ። ዛሬ ጠዋት ዋንደርስቶፕን (ሻይ ቤት እየሠራን አትክልት የምንተክልበት ጨዋታ ነው) ስከፍተው አትክልቱ የለም። ሦስት ሌሊት የተከልኩት ነው! መደርደሪያው ላይ በቀለም በቀለም የደረደርኳቸው ኩባያዎችም የሉም። የዛፎቹ ቀለም እንኳ ሌላ ሆኗል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው አይደል? የድሮውን እንዴት ልመልሰው? ሰኔ 30 ሂሳብ ከዘጋን ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የጀመርኩት። የ5 ቀን ፈቃድ ነው ያለኝ፣ ሁለቱ ሄዷል።

ቮልት
ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ ያለ ባትሪ ላፕቶፕ መክፈት ትልቅ ስህተት ነው። ሰው ዕቃውን የሚያቃጥለው መብራት ሲሄድ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያቃጥለው ሲመጣ ነው፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ስለዚህ ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል። ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀህ ሰካ። ስታብላይዘር ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይህም። እሱን የሚያደርገው ዩፒኤስ ነው። ሁለቱን አታምታታ።

የፒያሳ ልጅ
በምንድን ነው የምትጫወተው? ስቲም (የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫና መክፈቻው) ከሆነ፣ ከምንም በፊት ጨዋታውን እንዳታጠፋው። የሴቭ ፎልደሩን ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ከዚያ የጨዋታውን ስም በቀኝ ክሊክ ነክተህ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግባና ክላውድ (ሴቭህን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው) ተከፍቶ እንደሆነ እይ። ስቲም ከሁለት ፋይል አንዱን ምረጥ ካለህ ቀኑን ሳታይ እንዳትጫን።

ሸገር 22
ስቲም ክላውድ። እኔ በእሱ ነው ያተረፍኩት።

ሂሳብ ያዥ (ጠያቂ)
ሴት ነኝ። አዎ፣ ስቲም ነው። ፎልደሩን ኮፒ አደረግኩ፣ አመሰግናለሁ። ፋይሉ አለ። ሰዓቱ 9:22 ፒኤም ይላል፣ ማታ 3:22 ማለት ነው። መብራት ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው ሴቭ አድርጓል። ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ?

ወናፍ
ቆይ እህቴ። የዛፎቹ ቀለም ተቀይሯል አልሽ? የተበላሸ ፋይል ዛፍ ቀለም አይቀባም። ወይ አይከፈትም፣ ወይ ወደ ኋላ ይመልስሻል። የሆነው ሌላ ነው፤ ምዕራፉ አልፏል። በዚህ ጨዋታ ምዕራፍ ባለፈ ቁጥር ቦታው ይለወጣል፣ የተከልሽውም ይሄዳል። የድሮዎቹ ደንበኞች አሉ? ከሌሉ ምንም አልተበላሸም።

ሸገር 22
ለማንኛውም ክላውዱን ክፈቺው።

ሂሳብ ያዥ (ጠያቂ)
ደንበኞቹ የሉም። ግን አልቀበልም። ያን ትልቁን ተክል ለማግኘት ዘሩን ስንቴ እያዛወርኩ እንደተከልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጨዋታው ዘና በሉ ይላል፣ ከዚያ የሠራሁትን ይወስድብኛል? እርግጥ መጨረሻ ላይ የሻይ ቤቱ ባለቤት ቦሮ ሲያወራኝ መብራት ይሄዳል ብዬ ሳላነብ ቶሎ ቶሎ እየጫንኩ ነው ያለፍኩት።

ወናፍ
ያ ነዋ። ንግግሩን ዘለልሽው።
አልታን፣ የምትጫወቻትን ሴት፣ አስቢያት። ከሦስት ዓመት በላይ ተሸንፋ የማታውቅ ተዋጊ ናት። አንድ ቀን ተሸነፈች። ይበልጥ ልሠልጥን ብላ ጫካ ውስጥ ስትሮጥ ሰይፏን ማንሳት አቃታት፣ ወደቀች። ቦሮ ሻይ ቤቱ ወስዶ አረፍ በይ አላት። እሷ ግን ማረፉንም እንደ ሥልጠና ቶሎ ልትጨርሰው ትፈልጋለች። የጨዋታው ጸሐፊ ዴቪ ሬደን ሐሳቡን ያገኘው ራሱ በሥራ ዝሎ በነበረበት ጊዜ ነው። አትክልቱን የሚወስድብሽ ሊያናድድሽ ብሎ አይደለም። በእኔ እምነት ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያው ቀን አልቅሻለሁ።
አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። የሻይ ማፍያውን መሰላል ውጪና ወናፉን ሳቢ። ውሃው ሲሞቅ አትቸኩይ፣ ድምፁን ስሚው። ሙዚቃውን የሠራው ሲ418 ነው፣ የማይንክራፍቱ።

እረፍት ፈላጊ
ስለ ጨዋታው አላውቅም፣ ስለ እንቅልፉ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርን አውትን (በሥራ መዛልን) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሚሠሩት ነገር ውጤት የለውም ብሎ ማሰብ። ሂሳብ ከተዘጋ በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ሐኪም አማክሪ። አምስት ቀን ፈቃድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

አቦል
አልታን እዚህ ብናገኛት ቡና አፍልተን እስከ በረካ እንይዛት ነበር! ማን ከአቦል በኋላ ያስነሳታል?
ከምሬ ግን አንድ ልንገርሽ። የወደድሽውን ነገር ምዕራፉ ሳያልፍ ኤፍ 12 ተጭነሽ ፎቶ አንሺው። ስቲም ያስቀምጥልሻል። እኔ የመጀመሪያው አትክልቴ አሁን የላፕቶፔ ስክሪን ላይ ነው ያለው።

ቮልት
እህቴ፣ ወንድሜ ስላልኩሽ ይቅርታ። ባትሪውን ግን ቀይሪ። ስትገዢ ከላፕቶፕሽ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘሽ ሂጂ፣ ቮልቱን ከድሮው ባትሪ ጋር አስተያይ። እዚያው ሱቅ አስገጥመሽ ቻርጀሩን ነቅለሽ ሞክሪው።

ወናፍ
እህቴ፣ ምን ደረስሽ? አዲስ ደንበኛ መጣ?

የሜክሲኮው
ሰላም፣ እኔም ዛሬ ልክ እንደዚህ ሆነብኝ። ዛፎቹ ቀለም ቀየሩ፣ አትክልቱ ጠፋ። የእኔ ፕሌይስቴሽን 5 ነው። መብራት ግን አልሄደም።