የሞግዚቷ የመንገድ ሒሳብ የማን ነው?

ጠያቂዋ፣ ከጎንደር ማራኪ፦ ተመላላሽ ሞግዚት አለችኝ። ከአዘዞ ነው የምትመጣው። ስንዋዋል ያወራነው ደሞዝ ብቻ ነበር። አሁን «የመንገዱ ይታሰብልኝ» አለችኝ። ባለቤቴ እንስጣት ይላል። እኔ ዛሬ ታክሲ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች እናት፦ አትስጪ! የተስማማችው በደሞዙ ነው። ምሳዋን እዚያው ትበላለች፣ ለበዓል ልብስ ይገዛላታል። እንደ ቤተሰብ ናት እኮ።

ሞግዚት ነኝ፦ ቤተሰብ የምንሆነው ብር ስንጠይቅ ነው። ድሮ የነበርኩበት ቤት ዳይፐር ሲያልቅ ከራሴ አውጥቼ እገዛ ነበር። «ማታ እሰጥሻለሁ» ይሉኛል፣ ይረሱታል። ትንሽ ብር ስለሆነች መጠየቁ ያሳፍራል። አሁን ያለሁበት ቤት የወጪ ብር አስቀድመው ይሰጡኛል። በደብተር እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ እንተሳሰባለን። ጭቅጭቅ የለም።

አባወራው፦ ጥፋቱ የደላላው ነው። ደሞዝ ቆርጦ ኮሚሽኑን ይቀበልና ይሄዳል። ስለ መንገድ፣ ስለ እሑድ እረፍት ማን ያንሳ?

ሕግ ያነበበው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ደንብ ይውጣለት ብሎ ነው ያለፈው። የቀረን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1731 ውል ለተዋዋሉት ሰዎች ሕግ ነው ይላል።

የሦስት ልጆች እናት፦ አላልኳችሁም!

ሞግዚት ነኝ፦ ቆይ እንጂ። ውሉ ሕግ ከሆነ እሷም በ11 ሰዓት ውልቅ ትላለች። እናትየዋ ስብሰባ አምሽታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባስ? በዚያ ሰዓት ታክሲ አይገኝም፣ እስከ አዘዞ ባጃጅ ኮንትራት ነው። የማንም ደሞዝ አይችለውም።

ጠያቂዋ፦ እውነት ነው፣ አንዳንዴ አመሻለሁ። ግን ልጁን አስታቅፋኝ በር ላይ ቆማ ነው የጠየቀችኝ። ደነገጥኩ።

ሞግዚት ነኝ፦ እሱ ላይ ተሳስታለች። ልጁ ሲተኛ «እትዬ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ማለት ነው። ከዚያ ሒሳቡን ቁርጥ አድርጎ መናገር፦ «ለታክሲ በቀን ይሄን ያህል አወጣለሁ፣ ስታመሹ ደግሞ የባጃጁ አለ፣ በእሱ ቢያግዙኝ።» «ሌላ ቤት ይሄን ያህል ይከፍሉኛል» ማለት ግን ጥሩ አይደለም። «እንግዲያው እዚያ ሂጂ» ያስብላል።

አባወራው፦ አሠሪዋም በመጀመሪያው ቀን ብትጠይቃት ምን ነበረበት? ሁሌ ጠያቂዋ ደሃዋ መሆን አለባት?

ጠያቂዋ፦ እሺ። የቀኑን ታክሲ ግማሽ፣ ያመሸሁ ቀን ባጃጁን ሙሉ። ከዚህ ወር ይጀምራል ወይስ ያለፈውም ይታሰብ?

የሦስት ልጆች እናት፦ ከዚህ ወር! ያበድሽ እንደሆነ እንጂ።

ሞግዚት ነኝ፦ የታክሲው ይቅር። ያመሸችበትን ግን ክፈያት።