ከሂሳቤ የሚቆረጠው «የቻይና መርከብ ክፍያ» አግባብ ነው?

ባለትራኩ (ታኮማ)

ሰላም ለሁላችሁም። ታኮማና ሲያትል ወደብ ላይ ኮንቴይነር መጎተት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ትራኩ የራሴ ነው፤ የምሠራው ግን ለአንድ ድርጅት በሊዝ፣ ማለትም በውል አከራይቼው፣ በእሱ ስር ነው። በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ በሳምንታዊ የሂሳብ ወረቀቴ ላይ አዲስ መስመር አየሁ፤ «የቻይና መርከብ ክፍያ» ይላል፣ በኮንቴይነር 35 ዶላር። በዚያ ሳምንት 14 ኮንቴይነር ስላወጣሁ 490 ዶላር ሄደ። ሥራ የምታከፋፍለንን ዲስፓቸር ስጠይቃት «መንግሥት የጣለው ነው፣ ሁሉም ይከፍላል» አለችኝ። ከወደቡ ክሬኖች ላይ ዜድፒኤምሲ የሚለውን የቻይና ክሬን አምራች ስም በየቀኑ እያየሁ ስለምውል እውነት መሰለኝ፤ ዝም አልኩ። ኖቬምበር ላይ ክፍያው ታገደ ሲባል ሰማሁ። ቆረጣው ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ሌላው የሻንሲ፣ ማለትም ኮንቴይነር ተጭኖ የሚጎተትበት ባለ ጎማ ተጎታች፣ ነገር ነው። ኪራዩ አቃጥሎኝ ሁለት ያገለገሉ ልገዛ አስቤ ነበር። ሻጩ «በቻይና ሻንሲ ላይ ተጥሎ የታገደው የ100 በመቶ ታሪፍ ሲመለስ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ ቶሎ ወስን» እያለ ያጣድፈኛል። ልጆች የማሳድግበት ገንዘብ ስለሆነ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሎንግ ቢቹ

ወንድሜ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ይኼ ነገር ሲጀመር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ክፍያው አሜሪካ ወደቦቿ በሚገቡ የቻይና ኩባንያና ቻይና ሠራሽ መርከቦች ላይ የጣለችው ነው፤ የአንተ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ከፋዩ የመርከቡ አንቀሳቃሽ ነበር፤ ገንዘቡም መርከቡ ከመድረሱ በፊት በኢንተርኔት በቀጥታ ወደ አሜሪካ ግምጃ ቤት የሚገባ ነበር። በሥራ ላይ የቆየው ከኦክቶበር 14 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2025፣ 27 ቀን ብቻ ነው። ከኖቬምበር 10 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ታግዷል፤ ቻይናም በአሜሪካ መርከቦች ላይ የጣለችውን አጸፋ እንዲሁ አገደች።

ልኩን እንድታየው ላስላልህ። ባለቤቱ ወይም አንቀሳቃሹ ቻይናዊ ከሆነ በኔት ቶን (የመርከቡን የጭነት ቦታ በሚለካው ቶን) 50 ዶላር ነበር። 45,000 ኔት ቶን ያለው መርከብ ለአንድ ጉዞ 2,250,000 ዶላር ይከፍል ነበር ማለት ነው። ኩባንያው የሌላ አገር ሆኖ መርከቡ ቻይና የተሠራ ከሆነ ደግሞ በቶን 18 ዶላር ወይም በሚወርደው ኮንቴይነር 120 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። አንድ መርከብ በዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ አይከፍልም ነበር። 4,000 ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነርና ከዚያ በታች የሚጭን ቻይና ሠራሽ መርከብ ኩባንያው ቻይናዊ እስካልሆነ ድረስ ነፃ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ 35 ዶላር የሚባል ቁጥር የለም፤ ሹፌር የሚባል ከፋይም የለም።

አሁን የሊዝ ውልህን አውጣና አንብበው። በፌዴራሉ የሊዝ ደንብ መሠረት ከአንተ የሚቆረጥ ነገር ሁሉ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጥበት ሰነድም ሊሰጡህ ይገባል። በአፍ አትጠይቅ፤ በኢሜይል ጠይቅ፣ ቀኑ ይያዝልህ።

ኦክላንድ 880

እኔ የማስታውሰው በፌብሩዋሪ 2025 የነበረውን ፍርሃት ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ መርከቡ በገባበት ወደብ ሁሉ ይክፈል የሚል ስለነበር፣ መርከቦቹ ሎስ አንጀለስ ብቻ አራግፈው ኦክላንድንና ሲያትልን ይዘላሉ ተብሎ እንቅልፍ አጥተን ነበር። ኤፕሪል ላይ በጉዞ አንድ ጊዜ ተብሎ ተስተካከለ። ያኔ ባይስተካከል ዛሬ ስለ 35 ዶላር አናወራም ነበር፤ ሥራው ራሱ አይኖርም።

ሻጩን አትስማው። ቻይና የተሠራ ሻንሲ ላይ ከ2021 ጀምሮ ከ200 በመቶ በላይ ቀረጥ አለ። ዋጋው የናረው ያኔ ነው፤ አዲሱ 100 በመቶ ቢመለስም ባይመለስም አንተ የምትገዛው አሮጌ ሻንሲ አገር ውስጥ ያለ ነው። ይልቅ ስሩ ገብተህ ተመልከት። የእኔን ስገዛ ቀለሙ አዲስ ነበር፤ የኮንቴይነሩ መቆለፊያ ያለበትን ጥግ በመዶሻ ስነካው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ለብየዳ 1,800 ዶላር አወጣሁ።

አዲስ አበባ ትራንዚተር

ከአሜሪካ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ስንዴስ ይነካል?

የሎንግ ቢቹ

ባዶውን መጥቶ እህል የሚጭን ቻይና ሠራሽ መርከብ ነፃ ነበር። ቻይናዊ ኩባንያ የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ ግን ይከፍል ነበር።

ባለትራኩ (ታኮማ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታ ውሉን ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የሻንሲ ኪራይ ይላል፤ ስለ መርከብ አንድ ቃል የለም። ኢሜይሉን ዛሬ ጠዋት ላክሁ፣ የእያንዳንዱን ሳምንት ወረቀት አያይዤ። ሻንሲዎቹን ቅዳሜ መዶሻ ይዤ አያቸዋለሁ።