ጓጉንቸሩን ሦስቴ ጎትቼም አላምንም፤ ይሄ ነገር ኦሲዲ የሚሉት የሚደጋገም ሐሳብና ድርጊት ሕመም ይሆን?

ብሎክ ሠላሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከታላቅ እህቴና ከልጇ ጋር። ጠዋት ስወጣ ምጣዱን ከሶኬት መንቀሌን አያለሁ፣ ሲሊንደሩን አያለሁ፣ ጓጉንቸሩን ቆልፌ ሦስቴ እጎትተዋለሁ። ደረጃውን ወርጄ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ «ሲሊንደሩን ግን ዘግተሽዋል?» የሚል ነገር ይመጣብኛል። እመለሳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሥራ የገባሁት ሁለት ሰዓት አርፍጄ ነው። አሁን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ፣ ስልኬ ጓጉንቸር በጓጉንቸር ሆኗል። እሱም አላዳነኝም፣ «የትናንቱ ፎቶ ቢሆንስ?» እላለሁ። ከዚያ ለእህቴ እደውላለሁ፣ «ዘግተሻል፣ ሂጂ» ትለኛለች፣ አሥር ደቂቃ ቆይቼ እንደገና እደውላለሁ።

እጅ መታጠቡ ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። እህቴ ለሳምንት ብላ የሞላችውን ጀሪካን እኔ በእጄ ብቻ ጨርሼው ተጣልተናል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ይሄ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ሕፃኑ አጠገቤ ካለ «በቢላው ብትወጊውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣብኛል። ልጁን ከነፍሴ አብልጬ ነው የምወደው! ቢላዎቹን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቅያቸው አሁን የምትከትፈው እህቴ ናት፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ የበሩን ነገር ሰምታ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ግቢ አለችኝ። ሄድኩ፣ ተጠመቅሁ፣ ስመለስ በሩን አየሁ። እያበድኩ ነው? አማኑኤል ታየች ቢባልስ ሰፈሩ ምን ይላል?

ደሞ ለዚህ፦
እኔም በር ሁለቴ አያለሁ፣ በዚህ ሌባ ማን የማያይ አለ? አታካብጂው፣ ሥራ ሲበዛብሽ ይተውሻል።

የአስኮው፦
ወንድሜ፣ ሁለቴ አይተህ ከሄድክ አንተ ጠንቃቃ ነህ፣ በቃ። እሷ የምትለው አይታም አለማመንን ነው። እኔ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ሥራ በዛብኝ፣ አልተወኝም።

እህቴ፣ የእኔ የቆሻሻ ፍርሃት ነበር። ታክሲ ውስጥ የያዝኩት ብር፣ የበር እጀታ፣ የሰው ሰላምታ ሳይቀር። ቤት ስገባ ልብሴን በር ላይ አወልቅ ነበር፣ ሚስቴንም አስወልቃት ነበር (አሁን ስታስታውሰኝ እሷ ትስቃለች፣ እኔ አልስቅም)። መጨረሻ ላይ ሳይኮሎጂስት ጋ ሄድኩ። ያለፈ ሕይወቴን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የምፈራውን ነገር ከቀላሉ እስከ ከባዱ በቅደም ተከተል አጻፈኝ። ከታች ጀመርን። የቢሮውን በር እጀታ ይዤ፣ ሳልታጠብ ቁጭ። ሌላ ምንም የለም። ላቤ ተንቆረቆረ፣ አሥር ደቂቃው አንድ ቀን መሰለኝ። ከዚያ ጭንቀቱ ማንም ሳይነካው ራሱ መውረድ ጀመረ። ሕክምናው ይኸው ነው፤ የምትፈሪውን ትጋፈጫለሽ፣ ከዚያ ሁልጊዜ የምታደርጊውን አታደርጊም። በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ ሁለቴ አቋርጬ ተመልሻለሁ።

የፉሪዋ፦
እኛ ውስዋስ እንለዋለን። ለአንድ ሶላት ውዱእ (ከሶላት በፊት የምንታጠበውን) አምስት ስድስቴ አደርግ ነበር፣ እግሬ እስኪሰነጣጠቅ። ኡስታዙ «እርግጠኛው ነገር በጥርጣሬ አይሻርም፣ አንዴ ካደረግሽ አበቃ፣ አትድገሚ» አሉኝ። ሕጉን ከድሮም አውቀዋለሁ፣ ግን ማወቄ አላቆመኝም። ሐኪም ጋ ሂጂ ያሉኝም እሳቸው ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። ሐኪሙ ደግሞ ያው «አትድገሚ» ነው ያለኝ፣ ልዩነቱ እንዴት እንዳልደግም ማለማመዱ ነው። አንቺም የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ግን ሕክምናውን አትተኪበት።

ነጭ ጋወን፦
የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። በጽሑፍ ብቻ ኦሲዲ አለብሽ የለብሽም ማለት አልችልም፣ ግን የጻፍሽው በየቀኑ የምንሰማው ዓይነት ነው። እኛ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል ወይ፣ ሥራና ቤት ያውካል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ያንቺ ሁለቱንም አልፏል።

ስለ ቢላው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሽው ብሎ የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው፣ ሌላው ንቆት ያልፋል፣ ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን እንደ ወንጀል ይቆጥረዋል። የሚያስደነግጥሽ ስለማትፈልጊው ነው። ቢላውን መስቀልሽ ራሱ በሩን እንደ ማየት ነው፤ ለጊዜው ያረጋጋል፣ ፍርሃቱን ግን ይቀልበዋል። ፎቶውም ያው ነው። ደጋግመሽ ባየሽ ቁጥር የዛሬው ከትናንቱ እየተደባለቀ በትዝታሽ ላይ ያለሽ እምነት ይቀንሳል። እህትሽ በስልክ የምትመልስልሽም እንደዚያው፣ በአንዴ ሳይሆን ተነጋግራችሁ እየቀነሳችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። የሚያዝሽ ድምፅ ከሰማሽ ወይም ራስሽን ማጥፋት ካሰብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ከቅርብሽ ጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ሪፈር ይጽፉልሻል። አማኑኤልም ጳውሎስም በተመላላሽ ያያሉ። አማኑኤል መሄድ መተኛት አይደለም፣ አብዛኛው ሰው ታይቶ መድኃኒቱን ይዞ ማታ ቤቱ ነው። ፍሎክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ሊታዘዝልሽ ይችላል። ለኦሲዲ መጠኑ ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ይላል፣ ለውጡን ለማየትም እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው፣ አደራ። ጸበሉን ማንም አይከለክልሽም፣ መድኃኒቱን ግን በራስሽ አታቁሚ። የቢላውን ነገር ደግሞ እንዳትደብቂ። ካፈርሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪያቸው።

ብሎክ ሠላሳ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወረቀቱን ጻፍኩት፣ ግን መጀመሪያ የሰጠሁት ለእህቴ ነው። አንብባ ዝም አለች። ከዚያ «ቢላውን እኮ ልጁ እንዳይደርስበት ብለሽ የሰቀልሽው መስሎኝ ነበር፣ ስመርቅሽ ነው የከረምኩት» አለችኝ። ሳቅን፣ አለቀስንም። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን ነን። ይቺን ስጽፍ በሩን ሁለቴ ተነስቼ አይቻለሁ፣ እሷ ግን ተቆልፏል አላለችኝም።