የሶቭየት ኅብረት የነፃነት ትግል ውለታ ዛሬም ይከፈላል?

ጠያቂ (ጅማ፣ የታሪክ መምህር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎቼ ያነሱትን ጥያቄ ለእናንተ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሩሲያን የዩክሬን ወረራ በ141 ድምፅ ሲያወግዝ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያና ዚምባብዌ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ገዢ ፓርቲዎቻቸው በትጥቅ ትግሉ ዘመን ከሞስኮ መሣሪያና ሥልጠና ስላገኙ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦
መምህር፣ ዚምባብዌ ከዝርዝሩ ትውጣ። ሞስኮ የደገፈችው የጆሹዋ ንኮሞን የነፃነት ድርጅት ዛፑን ሲሆን፣ በ1980 ምርጫውን ያሸነፈውን የሙጋቤን ዛኑን ያስታጠቀችው ግን ቻይና ነበረች፤ በዚህም ምክንያት ከነፃነት በኋላ የሶቭየቶችና የአዲሱ መንግሥት ግንኙነት ለዓመታት ቀዝቃዛ ነበር። ውለታው የሚቆጠረው ሥልጣን ለያዘው ድርጅት እንጂ ለአገር አይደለም። ሁለቱን ያቀራረበው የኋላው ጉዳይ ነው፦ በ2008 በሙጋቤ መንግሥት ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ለጸጥታው ምክር ቤት የቀረበውን ሐሳብ ሩሲያና ቻይና አብረው ውድቅ አድርገውታል።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ኩባን ግን የሞስኮ ጭራ አድርገን እንዳንቆጥራት። ሐቫና በ1975 ጦሯን ወደ አንጎላ የላከችው ሞስኮን አስፈቅዳ አልነበረም። ያ ጦር እንዲወጣ በ1988 ኒው ዮርክ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከናሚቢያ ነፃነት ጋር ተያይዞ ስለነበር፣ ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች። በሶማሊያው ጦርነት አባቶቻቸውን ካጡ ልጆች ጋር ከጅማ ተነሥቼ ኩባ የወጣቶች ደሴት ላይ ነው የተማርኩት፤ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን ደግሞ ግሬፕፍሩት እየለቀምን እናሳልፍ ነበር። የናሚቢያና የአንጎላ ልጆችም የራሳቸው ትምህርት ቤቶች እዚያው ነበሯቸው። ከመሣሪያው ይልቅ ሲታወስ የሚኖረው ይህ ይመስለኛል፤ ምናልባት ስለማደላ ይሆናል።

መልስ 3 (ፈረንጅ አራዳ)፦
ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ኤርትራን የዘነጋችኋት ይመስለኛል። ሻዕቢያ የተዋጋው ሶቭየቶች ካስታጠቁት የደርግ ጦር ጋር ሲሆን፣ በ1988 አፍዓበት ላይ ሦስት የሶቭየት መኮንኖችን እስከ መማረክ ደርሷል። ሆኖም በ2022ቱ ድምፅ ሩሲያን ራሷን ጨምሮ ውግዘቱን ከተቃወሙት አምስት አገሮች አንዷ ኤርትራ ናት። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2021፣ አሜሪካ በጦር ሠራዊቷና በገዢው ፓርቲዋ ላይ ማዕቀብ ጥላ ነበር፤ ለእኔ ከቀድሞው ቂምም ሆነ ውለታ ይልቅ ይህ ይመዝናል። ያን ሁሉ የሶቭየት መሣሪያ የተቀበለችው የእኛዋ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ቀን ድምፅ አልሰጠችም።