የ15 ዓመት ልጄ "ቤተ ክርስቲያን አልሄድም" አለ፤ ላስገድደው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ (የሦስት ልጆች እናት)

ሰላም ለሁላችሁ። ትልቁ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደገው፤ ትንሽ ሳለ ጥቅስ በቃሉ ሲወጣ የሚቀድመው አልነበረም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ጭንቅ ነው። ባለፈው እሑድ ሁላችንም ለባብሰን በር ላይ ስንጠብቀው፣ እሱ አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል። "እናንተ ሂዱ፣ እኔ አልሄድም" አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

አባቱ "በዚህ ቤት እስካለ ድረስ ይሄዳል፣ አለቀ!" ይላል። እኔ ደግሞ በግድ ብንወስደው ጭራሽ እንዳይጠላው እፈራለሁ። ታናናሾቹም እያዩ ነው። ያማከርኳቸው ሁሉ "ጸልዪ" አሉኝ። እጸልያለሁ እኮ! ግን እሑድ ጠዋት ምን ላድርግ?

መልስ (የወጣቶች አስተማሪ)

እህቴ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ልጁ "አልሄድም" ያለው ከምን ሸሽቶ እንደሆነ እወቂ። ብዙ ጊዜ ልጆች የሚሸሹት እግዚአብሔርን አይደለም፤ እዚያ ያለን አንድ ሰው ነው። የሚያሾፍበት ልጅ ሊኖር ይችላል። ጓደኞቹ ቀርተውበት ብቻውን ሆኖም ይሆናል። ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ አድሮ እንቅልፍ ያሸነፈውም አለ (ይሄኛው ቀላሉ ነው፤ ስልኩ ቅዳሜ ማታ ሳሎን ይደር)። የእውነት ጥርጣሬ የገባውም አለ። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ስትጠይቂው ፊት ለፊት አታስቀምጪው፤ ምርመራ ይመስለዋል። ዕቃ እያጠባችሁ ወይም መንገድ ላይ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ይሻላል። "ለምን አትሄድም?" ከምትዪው "እዚያ ስትሆን በጣም የሚከብድህ የቱ ሰዓት ነው?" በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይረዝማል፤ ቻዪው።

መልስ (የአራት ልጆች አባት)

እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። ትምህርት ቤት አልሄድም ቢልሽ ትተዪዋለሽ? እኔን አባቴ እየጎተተ ነው የወሰደኝ፤ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው ልጆቹ ሲያጠፉ እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። 1ኛ ሳሙኤል 3፥13ን አንብቡት።

መልስ (የወጣቶች አስተማሪ)

ወንድሜ፣ ጥሩ ቦታ ጠቀስክ። ግን የዔሊ ልጆች እኮ ከእግዚአብሔር ቤት የቀሩ አልነበሩም፤ ካህናት ነበሩ፣ እዚያው እያገለገሉ ነው ያጠፉት። ጳውሎስም አባቶችን ሲመክር ልጆቻችሁን አታስቆጧቸው ይላል፤ ምክንያቱን ቆላስይስ 3፥21 ላይ ታገኘዋለህ፣ ልባቸው እንዳይዝል ነው።

እንዲያም ሆኖ በአንድ ነገር እስማማለሁ። ቤተሰቡ እሑድ አብሮ ይሄዳል የሚል ሥርዓት መኖሩ ክፋት የለውም። ነገር ግን የወጣቶች ጉባኤ፣ መዝሙር፣ ሌላው ሌላው ለእሱ ይተው። እምቢ የሚልበት ቦታ ያለው ልጅ ሁሉንም እምቢ አይልም።

መልስ (የ22 ዓመት ወጣት)

ያ ጫማውን በእጁ የያዘው ልጅ እኔ ነበርኩ። 14 ዓመቴ ላይ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ "አያቴ እንድትድን ያን ሁሉ ጸልየን ለምን ሞተች?" ብዬ ጠየቅሁ። አስተማሪው "እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሰይጣን ነው" አለኝ፣ ልጆች ፊት። ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ወላጆቼ ይወስዱኝ የነበረው አካሌን ብቻ ነው። ለእነሱም አልነገርኳቸውም፤ ከአስተማሪው ጎን የሚቆሙ መስሎኝ ነበር።

የመለሰኝ የድምፅ መሣሪያ የሚቆጣጠር አንድ ትልቅ ሰው ነው። ከኋላ ተደግፌ ቆሜ ሲያየኝ በስሜ ጠርቶ "ና፣ ይቺን ገመድ ያዝልኝ" አለኝ። የማይክ ገመድ እንዳይጠማዘዝ አንዱ ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ እንደሚጠቀለል ያሳየኝ እሱ ነው። አንድም ቀን አልሰበከኝም። ወር ከምናምን በኋላ ያንን ጥያቄ ለእሱ አወጣሁት። "ሚስቴ ስትሞት እኔም ጠይቄዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም። እየጠየቅሁት ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሳሁ።

መልስ (ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበርኩ)

የሳምንቱ ሰዓት 168 ነው። እኛ ጋ ልጁ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። አንዳንድ ወላጅ በር ላይ አውርዶ "አደራ፣ ሥነ ምግባር አስይዙልኝ" ብሎን ይሄድ ነበር! ሮበርት ሬይክስ እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዝ ግሎስተር ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሲጀምር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውሉ የድሃ ልጆች ንባብ ማስተማሪያ ነበር። ወላጅን ለመተካት አልታሰበም። ዘዳግም 6፥7 የሚዘረዝራቸው ቦታዎችም ቤት፣ መንገድ፣ መኝታና መነሻ ናቸው።

ጥያቄ ለሚፈሩ አስተማሪዎች ደግሞ ሉቃስ 2፥46ን አስታውሳለሁ። ኢየሱስ በ12 ዓመቱ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማቸውም ይጠይቃቸውም ነበር። ማንም አላሸማቀቀውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ሲቀራረብ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን፤ በር ዘግቶ ለብቻ መሆን የለም። ወላጅ የማያውቀው የስልክ መልእክትም አይኑር። ቅን ሰው በዚህ አይከፋም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። ትናንት ዕቃ እያጠባን ጠየቅሁት። ዝምታው እውነትም ረጅም ነው፤ ሁለት ድስት አጥቤ ጨረስኩ። ከዚያ "ክፍሉ ውስጥ ስሜ ሲጠራ" አለኝ። ለካ ድምፁ እየጎረነነ ነው፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ ልጆቹ ያስመስሉበታል። እኔ ደግሞ እምነቱን የጣለ መስሎኝ ስንት ሌሊት አለቀስኩ።

አስተማሪውን ልናገርልህ ብለው "እንዳታደርጊው!" አለ። እሺ አልኩት። ለአሁኑ እሑድ ከእኛ ጋር ገብቶ ይቀመጣል፣ ክፍሉ ይቆያል፤ አባቱም እያጉረመረመ ተስማምቷል። የገመዱን ታሪክ አነበብኩለት። "እኛ ጋ ድምፁን የሚያሠራው ማነው?" አለኝ። አላውቅም ነበር። እሑድ አጣራለሁ።